ወደ አቦቦ ለሚሄድ የሞተር ብስክሌት መንገደኛ ጂ.ፒ.ኤስ. ስለ መምረጥ



በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ልንናገር ያሰብነው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ መንገደኛ ነው። አንድ ጐልማሳ ለመንግሥት ሥራም ሆነ አገር ለማየት በሞተር ብስክሌት ወደ ሩቅ ወረዳ ሲነሣ፥ አባቱ ስለ ወጪው፥ እናቱ ወይም ባለቤቱ ስለ ስንቁ ያስባሉ፤ በበረሓ ውስጥ የቆመበትን ስፍራ የሚነግረውን መሣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመርጥለት ባለ ሱቁ ነው። ባለ ሱቁም ዋጋው ከፍ ያለውንና ገጹ የሚያበራውን ያመሰግናል። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚገዛ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባውን አንድ ጥያቄ እናስታውሳለን፤ ይኸውም «ይህ መሣሪያ መንገደኛውን በመጣበት መንገድ ሊመልሰው ይችላልን?» የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ በጋምቤላ ክልል ያለውን የአቦቦን አገር እንመልከት። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብም በዚያ አለ። ከአቦቦ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ፑኝዶና ወደ ጊሎ ወንዝ ያመራል፤ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ግን የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ወዳለበት፥ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ ወደሚሰማራበት ሜዳ ይገባል። አገሩ ዝቅተኛና ሜዳማ ስለ ሆነ፥ የደጋ ሰው እንደ ለመደው «ያን ተራራ በስተቀኝ አድርጌ እሄዳለሁ» ለማለት አይቻልም። ሣሩ በክረምት ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በበጋ ደግሞ ይቃጠላልና በኅዳር ያዩት መንገድ በጥር ሌላ መስሎ ይታያል። ጥቁሩም አፈር ዝናም በጠገበ ጊዜ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየተጠቀጠቀ ሞተሩን ያቆመዋል።

በዚያ አገር የጉዞን ቀን የሚወስነው ውሃ መሆኑ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቅዶ ነበር፤ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦችም እስከ ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር። ለመርከቡ የተመቸው ወራት ለሞተር ብስክሌት የከፋ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ግዢ በፊት ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት እንዲሆን መወሰን ይገባል።

ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ሥራ በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የተጀመረ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሳተላይት ወደ ሰማይ የተላከው በ1970 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 1975 ዓ.ም. አንድ የደቡብ ኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ለሲቪል ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ እንደሚፈቀድ አስታወቀ። በ1987 ዓ.ም. ሙሉ ሥራው ተጀመረ፤ ነገር ግን እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለ ነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተገለጠ ሰማይ ሥር ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር አያልፍም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ተሸክሞ ጊዜውን በሬዲዮ ይናገራል። በእጅ ያለው መሣሪያ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ፥ ምልክቱ በመንገድ ከቆየበት ጊዜ ርቀቱን አስልቶ፥ የቆመበትን ስፍራ ያውቃል። መሣሪያው ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ የስልክ መረብ በማይደርስበት ሜዳም ይሠራል። ከዚህ ግን ሌላ ነገር ይከተላል፤ ይኸውም መንገደኛው የት እንዳለ ያውቃል፥ ቤተ ሰቡ ግን አያውቅም። ብዙ ሰዎች ጂ.ፒ.ኤስ. የያዘ ሰው ከሩቅ የሚታይ ይመስላቸዋልና ይህን ልብ ማድረግ ያስፈልጋል።

«ስልኬ ይህን ሁሉ ይሠራ የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ ካርታው አስቀድሞ በከተማ የተጫነበት ስልክ ያለ መረብ ስፍራን ያሳያል። ሆኖም የአይፎን ሠሪ የሆነው አፕል ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራበት ይመክራል፤ በጋምቤላ ቈላ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከዚህ ያልፋል፤ ፀሓይ ላይ ከመሪው ጋራ የታሰረ ስልክም በሙቀት ብዛት ሊጠፋ ይችላል። ይኸው ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የኀይለኛ ሞተር ብስክሌት ንቅናቄ የስልኩን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንግዲህ ስልኩ በኪስ ይቀመጥና ሁለተኛ ምስክር ይሁን፤ በመሪው ላይ የሚታሰረው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ይሁን።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ፊተኛው ነገር ኀይል ነው። በሥራው ከታወቀው ከጋርሚን ኩባንያ ዕቃዎች መካከል፥ እንደ ሠሪው አገላለጽ፥ ኢትሬክስ 32 ኤክስ የሚባለው በሁለት ድብል ኤ ባትሪ ድንጋይ 25 ሰዓት ይሠራል፤ ጂ.ፒ.ኤስ. ማፕ 65 የሚባለው በዚያው ዓይነት ድንጋይ 16 ሰዓት ይቆያል፤ ጂ.ፒ.ኤስ. ማፕ 67 ግን የማይወልቅ ባትሪ በውስጡ ይዞ እስከ 180 ሰዓት ይደርሳል። ባትሪ ድንጋይ በትንሽ ሱቅም ስለሚገኝ መብራት በሌለበት አገር ትልቅ ረድኤት ነው፤ ጉዳቱ በሸካራ መንገድ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ድንጋዩ ከመያዣው ለቅጽበት እየተላቀቀ መሣሪያው መጥፋቱ ነው። መድኀኒቱም ከሞተሩ ባትሪ በገመድ ኀይል እንዲያገኝ ማድረግና ድንጋዩን ለመጠባበቂያ መተው ነው። የማይወልቀውን የመረጠ ሰው ደግሞ የሚሞላበትን ገመድ ሁለት አድርጎ ይያዝ፤ አንዱ ቢበጠስ መሣሪያው ከነካርታው ዕውር ይሆናልና።

ሁለተኛው ነገር አያያዙ ነው። በጣት ነክተው የሚያዙት ሰፊ ገጽ ያለው መሣሪያ ለማንበብ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ጣቱ ጓንት ለብሶ ጭቃ ሲነካው፥ ወይም የዝናም ጠብታ በገጹ ላይ ሲወርድ፥ ያልታዘዘውን ሊያደርግ ይችላል። ቁልፍ ያለው መሣሪያ ገጹ ቢያንስም ሳያዩት በእጅ ዳሰሳ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ቁልፍ ያለውን እንመርጣለን። ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። መሣሪያው በጠንካራ ማሰሪያ ከመሪው ጋራ ከተያያዘ በኋላ በቀጭን ገመድ ዳግመኛ ይታሰር፤ ማሰሪያው ቢሰበር በረጅም ሣር ውስጥ የወደቀ ዕቃ አይገኝምና። አራተኛው ውሃ መቋቋሙ ነው። «አይ.ፒ.ኤክስ. 7» የሚል ጽሕፈት ያለበት ዕቃ በ1 ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ወንዝ ሲሻገሩ ግን የገመዱ ቀዳዳ ክዳን መዘጋቱን ማየት ይገባል።

አምስተኛው የሚሰማቸው ሳተላይቶች ብዛት ነው። ከአሜሪካው ጂ.ፒ.ኤስ. ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፥ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ አሉ። ከብዙዎቹ የሚሰማ መሣሪያ፥ ይልቁንም በሁለት የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ሲሆን፥ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ከሌላው ይሻላል። ከላይ ከተጠሩት ሦስቱ መካከል 65ና 67 ይህ ችሎታ አላቸው።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ዱካን መያዙ ነው። መሣሪያው መንገደኛው ያለፈበትን እየመዘገበ በገጹ ላይ እንደ ክር ይዘረጋዋል፤ ሲታዘዝም ያንኑ ክር ተከትሎ ወደ ኋላ ይመራል። የተገዛ ካርታ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ሰው የተሣለ ነው፤ ዱካው ግን መንገደኛው ዛሬ ጧት በገዛ ጎማው ያለፈበት ስለ ሆነ፥ ሞተር ሊያልፍበት እንደሚችል የታመነ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ዱካ መያዙን ያረጋግጥ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ መሣሪያው በሞተሩ ላይ ከመታሰሩ በፊት በሰፈሩ በእግር ተዘዋውሮ በዱካው ብቻ ወደ ቤቱ መመለስን ይለማመድ። ልጆችም አብረው ቢማሩ መልካም ጨዋታ ይሆንላቸዋል።

ስለ ቁጥር አጻጻፍም አንድ ቃል እንጨምር፤ በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አንዲት ነጥብ ያለ ስፍራዋ ስትገባ የምታደርሰውን ጉዳት ያውቃልና። የአቦቦ ከተማ በግምት በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ፥ በምሥራቅ ኬንትሮስ 34 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለ ሆነ፥ ይህ በነጥብ ሲጻፍ 7.85 እና 34.55 ይሆናል። ባለማስተዋል 7.51 እና 34.33 ብሎ ያስገባ ሰው ግን መሣሪያው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወስደዋል፤ ቤንዚኑም በዚያ ያልቃል። እንዲሁም በኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት የታተሙት የቀድሞ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ መሣሪያው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ይሠራል። ሁለቱን ያላስማማ ሰው 200 ሜትር ያህል ይስታል፤ በረጅም ሣር ውስጥ 200 ሜትር ድልድዩን ለማጣት ይበቃል። በሜትር የሚቈጥረውን የካርታ መረብ የሚጠቀምም ሰው አዲስ አበባ በ37ኛው፥ አቦቦ ግን በ36ኛው ቀጠና ውስጥ መሆኑን አይርሳ።

ይህ ሁሉ ቢሟላም መሣሪያው የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። የወንዙ ውሃ ዛሬ እስከ ጉልበት ይሁን እስከ ደረት አያውቅም፤ የትኛው መንገድ ትናንት እንደ ተቋረጠ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ መንገደኛው አቦቦ በደረሰ ጊዜ ለወረዳው መሥሪያ ቤት ራሱን ያስታውቅ፤ ወደ ፓርኩ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቅ፤ የአኝዋ ሽማግሌዎችንም በአክብሮት ሰላም ብሎ ስለ መንገዱ ይጠይቅ። መሣሪያውና ሽማግሌው በተለያዩ ጊዜ ሽማግሌውን ይመን። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ወይም የሳተላይት ስልክ የሆነ መሣሪያ መያዝ የሚፈልግ ደግሞ፥ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የሚመለከተውን ባለ ሥልጣን ፈቃድ ይጠይቅ፤ አገሩ የጠረፍ አገር ነውና።

በመጨረሻም ስለ ቤት እንናገር። መሣሪያው ለቤተ ሰቡ ስለማይናገር፥ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የሚያድርባቸውን ስፍራዎች ከነቁጥራቸው፥ የሚመለስበትን ቀንና ሰዓት፥ የወረዳውን መሥሪያ ቤት ስልክ ጽፎ ለባለቤቱ ወይም ለእናቱ ይስጥ። የስልክ መረብ ካለበት ስፍራ በደረሰ ቍጥር የቆመበትን ቁጥር በአጭር መልእክት ይላክ። የተቈረጠው ሰዓት አልፎ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ፥ ከዚያም በኋላ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ ይወሰን፤ ይህ ከተደረገ የቀረው ቤተ ሰብ ያለ ምክንያት አይሸበርም፥ ምክንያት በተገኘም ጊዜ በከንቱ አይዘገይም።

ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ቢሆን፥ ራስ የሚሸፍን ጠንካራ ቆብ፥ ጫማ፥ የመጠጥ ውሃና ትርፍ ካላማደሪያ ይቅደሙ፤ ከዚያም በቀረው ገንዘብ ቁልፍ ያለው፥ ዱካ የሚይዝ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መካከለኛ መሣሪያ ይገዛ። ውዱን ገዝቶ ሳይለማመድበት ከሚሄድ ይልቅ መካከለኛውን አጥንቶ የሚሄድ በሰላም ይመለሳል። ለመንገደኞች ሁሉ መልካም ጉዞ፥ በቤት ለሚጠብቁአቸውም መልካም ወሬ እንመኛለን።