መድኃኒት ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሥሩን ነቅላችሁ እዩ

ዛሬ ስለ አንድ ሳይንቲስት ላውራችሁ። ሰውየው ፈረንጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን እናንተም በምታውቁት ችግር ላይ ነው፦ ስንዴ ላይ።

ዶክተር ጄምስ ኩክ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፑልማን በምትባል የስንዴ አገር ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት የግብርና ምርምር ሠርተዋል። ትልቁ ሥራቸው ከአፈር የሚነሳን የሥር በሽታ እዚያው አፈር ውስጥ ባሉ በዓይን በማይታዩ ነፍሳት መከላከል ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2011 ዎልፍ የተባለውን ትልቅ የግብርና ሽልማት ተሸልመዋል።

ዋናው ጠላታቸው ቴክ ኦል የሚባል ፈንገስ ነበር፤ “ሁሉን ወሳጅ” እንደማለት ነው። የስንዴውን ሥር ያጠቁረዋል፣ ዛላው ፍሬ ሳይሞላ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም ይህ በሽታ ለጥቂት ዓመታት እየባሰ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ለምን? እነ ዶክተር ኩክ በሽታው ከቀነሰበት ማሳ ጥቂት አፈር ወስደው በሽታ ካለበት አፈር ጋር ቀላቀሉት። እዚያም ቀነሰ። ያንኑ አፈር በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሲያሞቁት ግን ኃይሉ ጠፋ። ስለዚህ የሚከላከለው ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። በኋላም ሥር ላይ የሚኖሩ ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ፈንገሱን የሚጎዳ ነገር እንደሚያመነጩ ታወቀ።

“ታዲያ ስንዴ መደጋገም ጥሩ ነው እያልክ ነው?” ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! አፈሩ እስኪያገግም ያሉት ዓመታት የኪሳራ ዓመታት ናቸው። ያንን የሚችል ጎተራ ያለው ስንቱ ነው?

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ኩታ ገጠምንም የበጋ መስኖ ስንዴንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ክረምትም ስንዴ፣ በጋም ስንዴ፣ ለከርሞም ስንዴ ሲሆን አልስማማም። ዕቅድ ስናወጣ ለባቄላ፣ ለአተር፣ ለሽምብራ ተራ እንስጥ። ስንዴ የሚለው ቁጥር ትንሽ ቢቀንስ ይቀንስ። የሥሩ ፈንገስ የለመደውን ሲያጣ ይዳከማል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስንዴውም ይክሳል።

ከዶክተር ኩክ ሥራ ለእኛ የሚሆነውን በአጭሩ ላስቀምጥ፦

1. ስንዴው ቦታ ቦታ ላይ ሲቀጭጭ ዝም ብላችሁ አትርጩ። ነቅላችሁ፣ ሥሩን በውኃ አጥባችሁ እዩ። ከጠቆረ ወይም ከበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት አያድነውም።

2. ወፍ ዘራሹንና አረሙን ከመዝራታችሁ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት አጥፉ። እነሱ የሥር በሽታን ከአንዱ ሰብል ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ድልድይ ናቸው።

3. “ባዮ ነው፣ ሁሉንም በሽታ ያጠፋል” የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑ። ባክቴሪያውን ዘር ላይ ቀብቶ መዝራት በእነ ዶክተር ኩክ ጊዜም ተሞክሯል፤ አንዱ ማሳ ላይ ሠርቷል፣ ሌላው ላይ አልሠራም። በሕይወት ያለ ነገር ነው፣ ቦታ ይመርጣል። ለባቄላና ለሽምብራ የምትጠቀሙበት ባዮ ማዳበሪያም እንደዚያው ነው፤ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ይሞታል።

4. ዋግ ሌላ ነው! ዋግ በነፋስ ነው የሚመጣው፣ የአፈር ባክቴሪያ አያቆመውም። ለእሱ የሚቋቋም ዝርያ፣ ካስፈለገም በጊዜ መርጨት ነው መፍትሔው።

ሳይንቲስቱ ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ነገር አባቶቻችን ሰብል እያፈራረቁ ሲያርሱ የሚያውቁት ነው። ይህን ትተን ገንዘባችንን ለጠርሙስ ብቻ አናውጣ።

ሥሩ ጠቁሮ ያገኛችሁ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፣ አብረን እናያለን። ለጎረቤትም ሼር አድርጉ። መልካም የሥራ ጊዜ!