ሲስተም የሚባለው ሰውዬ

አንዲት ማስረጃ ለማውጣት በአንድ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ላውጋችሁ። ከእኔ በፊት ወረፋ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው መስኮቱ ዘንድ ደረሱ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «የኔ ልጅ፣ ይኸ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ሲሉ ጠየቁ።

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ ወደ ቁጭት ተለወጠብኝ። ለካ ከሁላችንም ይልቅ ነገሩ የገባቸው እኚያ አባት ኖረዋል! በመሥሪያ ቤቶቻችን «ሲስተም» በእርግጥም ሰው ሆኗል፤ ያውም ደመወዝ የማይበላ፣ ፊርማ የማይፈርም፣ ሲጠራ የማይመጣ፣ የሌላውን ሁሉ ጥፋት ግን ሳያጉረመርም የሚሸከም ሰው።

ድሮ ባለጉዳይ የሚሸኘው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት» እየተባለ ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ቢያንስ ባለቤት ነበራቸው። ስብሰባ ያልቃል፤ ፋይል ይፈለጋል፤ ፈቃድ የወጣችውም ልጅ ትመለሳለች። «ሲስተም የለም» ግን ባለቤት የለውም። ማን አጠፋው? አይታወቅም። መቼ ይመለሳል? አይታወቅም። ለማንስ አቤት ይባላል? ለማንም!

ባለጉዳዩ ከሄደ በኋላ ዕዳው ሁሉ የሚወርድበት አንድ ምስኪን ደግሞ አለ። እሱም የኮምፒዩተሩ ልጅ ነው። «ልጁን ጥሩት!» ይባላል። አንድ ወዳጄ በዚህ ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የሁለት ልጆች አባትም ሆኗል። በመሥሪያ ቤቱ ግን ዛሬም ስሙ «ልጁ» ነው። ሾፌሩ «ጋሼ» ሲባሉ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «እትዬ» ሲባሉ፣ እሱ ጡረታ እስኪወጣ ልጅ ሆኖ ሊቀር ነው።

ለምን ለምን እንደሚጠራ ሲያወራ ሆድ ያስይዛል። «ኮምፒዩተሬ ሞተ!» ተብሎ አራት ፎቅ በእግሩ ይወጣና፣ ወለል ሲወለወል የተነቀለ ገመድ መልሶ ሰክቶ ይወርዳል። «ጽሑፌ ራሱን በራሱ ይጽፋል» ብላ ወደጮኸች ሒሳብ ሠራተኛ ሲሮጥ፣ ኪቦርዱ ላይ የተንጋለለ ወፍራም መዝገብ ያገኛል። አንድ ኃላፊ ከቤታቸው በፍላሽ ፊልም አምጥተው ቫይረስ ያስገባሉ፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?» እየተባለ የሚገሠጸው ግን እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲደበዝዝ፣ የሻይ ማፍያው አልሞቅ ሲል፣ የኃላፊው ሞባይል ሲዘጋ ልጁ ይጠራል። ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ የእሱ ነዋ!

አንድ ቀን ደግሞ ዩፒኤሱ «ሲጢጥ! ሲጢጥ!» እያለ ጮኾ ሲያበቃ ጸጥ አለ፤ የግማሽ ቀን ሥራም አብሮት ጠፋ። ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ሥራውን ለማስቀመጥ ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ሌዘር ማተሚያውም የውኃ ማፍያውም ተሰክተውበታል። ሌዘር ማተሚያ ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ፣ በሚግልበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ትንሿን ዩፒኤስ ያንገዳግዳታል። የውኃ ማፍያውማ አይነሣ!

እዚህ ላይ «ሠራተኞቻችን ኮምፒዩተር አያውቁም» ብሎ መሳለቅ ይቀናል። እኔ ግን አልሳለቅም። የውኃ ማፍያውን የሰካችው ሴት በአንድ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒዩተር ተቀምጦ አገኘች እንጂ፣ የትኛው ሶኬት ለምን እንደሆነ የነገራት ማንም የለም። እሷን መስደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ክርክሬ ከአህያው ጋር ነው፤ ማለትም ከገዢውና ከፈራሚው ጋር።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ድንገት ኮምፒዩተር ይወዳል። በጀቱ ተመላሽ ከሚሆን ዕቃ ይሁን ተብሎ በጥድፊያ ይገዛል። ሥልጠና የት አለ? የመለዋወጫ ገንዘብስ? በዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት መሆኑ እየታወቀ፣ የሚተካበት በጀት አይያዝም። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ደግሞ ከባድ ሶኬት ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው።

ፕሮግራም ሲገዛም እንዲሁ ነው። የፈረንጅ ፕሮግራም ዓመቱን በ12 ወር ይቆጥራል። ካልተስተካከለ በስተቀር ጳጉሜ 3 ቀን ለተወለደ ሰው በውስጡ ወንበር የለውም። ሰውዬው ማስረጃ ሊያወጣ ሲመጣ፣ «ለጊዜው መስከረም 1 ይሁንልዎ» ይባላል፤ ልደቱ በድርድር ይለወጣል ማለት ነው! የፊደሉም ጣጣ ቀላል አልነበረም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደላችንን በራሱ ዘዴ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የደብተራ ክታብ ይመስል ነበር። የዚያን ዘመን ሰነድ ዛሬ የሚከፍት ሰው አሁንም «ልጁን ጥሩት!» ማለቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ልጁ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከግዥው በፊት ግን የሚጠይቀው የለም። ለጨረታው ሲሆን «ልጁ ምን ያውቃል?»፤ ለጥፋቱ ሲሆን «ልጁን ጥሩት!»።

«ድሆች ስለሆንን ነው፤ ሠልጥነን ቢሆን ይህ ሁሉ አይደርስብንም» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አይደለም። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን አሽመድምዷል። በሀብታሞቹ አገሮች አውሮፕላኖች በረራ ሰርዘዋል፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዝመዋል። ኩባንያው ማሻሻያውን የመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበር። የወደቁት ግን በአብዛኛው ሰው እያንዳንዳቸው ዘንድ ሄዶ በእጁ ካልነካቸው አልነሣ አሉ። ማይክሮሶፍት እንኳ ለአንዳንድ ደንበኞቹ እስከ 15 ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ነበር። «አጥፍተሽ አብሪው» ባለ ቁጥር የሚሳቅበት ወዳጄ ያን ቀን እንዴት እንደኮራ!

እንግዲህ ማሽን በሁሉም አገር ይበላሻል። ልዩነቱ ከብልሽቱ በኋላ ያለው ነው። ክራውድስትራይክ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሚቀጥለውም ወር ምክንያቱን ዘርዝሮ አወጣ። 21 መረጃ እንዲቀበል የተዘጋጀ ክፍል 20 ብቻ ስለቀረበለት ነው ተባለ። አንዲት መረጃ ጎደለች፤ የት እንደጎደለችም ተነገረ። እንዲህ ብሎ መናገር ሀብት አይጠይቅም፤ ኃላፊነት ይጠይቃል እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ከማለት ይልቅ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመና ማን እንደያዘው ይጻፍ። ከሩቅ የመጣ ሰው ጉዳዩ በወረቀት ይመዝገብለትና ሲስተሙ ሲመለስ ወረፋው ይጠበቅለት። ግዥ ሲታሰብ ልጁ ከዋናዎቹ ጋር ወንበር ይሰጠው። ከዚያ በኋላ በሥራው ቢሰንፍ ይጠየቅ፤ ማንም አይከራከርለትም። ያልተማከረበትን ግን አይሸከም።

ወደ አግዳሚዬ ልመለስ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ የመሥሪያ ቤቱ «ልጅ» ጥቅል ገመድ በትከሻው ጣል አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

ቆም አለና ተገርሞ አየኝ። «የምን ሲስተም?» አለ። «ሲስተሙማ ደኅና ነው። የማተሚያው ቀለም ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። የግዥ ጥያቄውን ጽፌ አቅርቤአለሁ፤ ፊርማ እየጠበቀ ነው።»

እናም አባባ፣ ይህች ጽሑፍ ምናልባት እጅዎ ከገባች፣ ያን ዕለት ስለሳቅንብዎ ይቅርታ ያድርጉልን። ጥያቄዎ ልክ ነበር። ሲስተም የሚባለው ሰውዬ አለ። ቢሮው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተፈረመ ወረቀት ተቀምጧል። ስንት ሰዓት እንደሚገባ ግን እስካሁን የጠየቀው የለም።