የባቢሌ መጠለያ፤ ስያሜውና ተጨባጩ ሁኔታ

ሐረርን የጎበኘ ሰው በጁገል ግንብ ግርጌ ዝቅ ብለው የተከፈቱትን ጠባብ ቀዳዶች ሳያስተውል አይቀርም። በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ በነዚህ ቀዳዶች እየሾለከ የመንገዱን ጥራጊና አጥንት ሲለቅም አድሮ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። በአሹራ በዓል ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ በደንብ ከበላ መጪው ዓመት የጥጋብ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። በፈላና በር አካባቢ የሚካሄደው የሌሊት ምገባ በኋላ ጊዜ የጎብኚ ትርዒት መሆኑ የራሱን ጣጣ ቢያመጣም፣ ሰውና አውሬ ተቻችለው የሚያድሩበትን ይህን ልማድ ያቆመው መምሪያም ሆነ በጀት የመደበለት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ ጠብቆ አቆይቶታል።

ወደዚህ ምሳሌ የገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚሁ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሕግ፣ መምሪያና በጀት የቆመለት ሌላ የእንስሳት መጠለያ አለ። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተከለለለት ስፋት 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ መላው የሐረሪ ክልል ሃያ ጊዜ ያህል ይገባበታል። ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳካታና ፋፈም የሚባሉት ወንዞች ያቋርጡታል። የተቋቋመበትም ዓላማ የማያሻማ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ ምሥራቃዊ ጫፍ የቀረውን የዝሆን መንጋ፣ ከርሱም ጋር ባለጥቁር ጎፈሩን አንበሳ፣ ከጥፋት ማዳን።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ዓላማና በመሬት ላይ ያለው ተጨባጭ ሁኔታ ግን ከመነሻው ጀምሮ በቅራኔ ውስጥ ኖረዋል። ለረጅም ዓመታት የመጠለያው ወሰን በሕግ ጋዜጣ ወጥቶ አልጸናም። ግማሹ በኦሮሚያ፣ ግማሹ በሶማሌ ክልል ይገኛል፤ የማስተዳደሩ ኃላፊነት ደግሞ የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሦስት ባለቤት ያለው ግቢ በተግባር ባለቤት የሌለው ግቢ ሆኖ የመቅረቱን አደጋ ለአንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ተመራማሪዎች ከሰማይ የተነሡ ምስሎችን እየመረመሩ ባደረጉት ቆጠራ፣ በክልሉ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች በ1998 ዓ.ም. 18 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ከ50 ሺህ በልጠው ተገኙ። ከነዚህም 32 ሺህ ያህሉ ዝሆኖቹ ለውኃና ለመኖ በሚመላለሱበት ምድር ላይ የቆሙ ናቸው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጠናው የመንጋው ቁጥር ደግሞ ሦስት መቶ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። ለአንድ ዝሆን ስንት ጎጆ እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ያስላው።

እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ ማን ሊያነጣጥር እንደሚገባ በጥንቃቄ ሊጤን ይገባል። በኤረር ሸለቆ ጎጆ የቀለሰው ገበሬ ዝሆን ጠልቶ የሄደ አይደለም። የደጋው መሬት ጠቦበት፣ ድርቁ ደጋግሞ መትቶት፣ ለማሽላውና ለከብቱ ቦታ ፍለጋ የወረደ ነው። በ2010 ዓ.ም. መባቻ በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተቀሰቀሰው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ያ ሕዝብ የገባበት ሰፈርም «መጠለያ» ነው የተባለው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ዝሆኑም ሰውም መጠለያ ተብሎ በተሰየመ ቦታ ያለ ጥላ ሲቀሩ፣ ረኃብተኛው ገበሬና አዝመራ ላይ የወረደው ዝሆን በሌሊት ይገናኛሉ። ሰው ይሞታል፤ ዝሆንም ይገደላል። ከሁለቱ አንዱን ጥፋተኛ አድርጎ ፋይሉን መዝጋት ለቢሮ ይመች ይሆናል እንጂ እውነቱን አይነካም።

ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ በጀት የለም፣ ስካውት አነሰ፣ ተሽከርካሪ ተበላሸ። እጥረቱ የፈጠራ ወሬ ነው አንልም። ነገር ግን እጥረት ሰበብ ሆኖ ሲደላደል ምን እንደሚያስከትል ካሁን ቀደም አይተናል። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ቦታና ገንዘብ ጠበበኝ ብሎ ደቦሎችን በመርዝ ይገድል እንደነበር፣ በድናቸውም ቆዳ አድርቀው አውሬ ለሚያስመስሉ ባለሙያዎች በ170 ዶላር ገደማ ይሸጥ እንደነበር በኅዳር 1999 ዓ.ም. የግቢው አስተዳደር ራሱ ለውጭ ዜና ዘጋቢዎች ተናገረ። የተነገረው በንስሐ ቃል ሳይሆን እንደ ተራ የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በግቢው 15 አንበሶች ላይ የተደረገ የዘር ምርመራ፣ እነዚህ እንስሳት ከተመረመሩት የአፍሪካ አንበሶች ሁሉ የተለየ ዘር እንዳላቸው አስረዳ። ስንት ደቦል ከተመረዘ በኋላ መሆኑን ማን ያውቃል?

የተገደለው ደቦልም ሆነ በባቢሌ የወደቀው ዝሆን አቤቱታ ጽፎ መዝገብ ቤት አያስገባም። ስለዚህም ነው በሌላ መሥሪያ ቤት ቢፈጸም ኦዲተር የሚያስጠራ ጉድለት በእንስሳት መጠለያ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የሚያድረው። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ በይፋ ተቃጥሏል። ተግባሩ የሚደገፍ ነው፤ በሕገ ወጥ ንግዱ ላይ የተወሰደውን አቋም ለዓለም አሳይቷል። የእሳቱ ቀን ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። በሸለቆው ውስጥ የሚያድር ስካውት ጫማና ደመወዝ በወቅቱ ማግኘቱ የዓመት ሙሉ ሥራ ነው፤ ካሜራም አይጠራበትም።

እኛ የምንጠይቀው አዲስ ኮሚቴ አይደለም። ባለሥልጣኑ በባቢሌ ስንት ዝሆን በሕይወት እንዳለ፣ ስንት እንደሞተና በምን እንደሞተ፣ ከተመደበው ገንዘብ ስንቱ ሸለቆው ድረስ እንደ ደረሰ በየዓመቱ አትሞ ለሕዝብ ያውጣ። ሁለቱ ክልሎች ወሰኑን በአንድ ካርታ ይፈራረሙ። በዝሆኖቹ መተላለፊያ ላይ ያሉት ነዋሪዎች ይነሣሉ ከተባለ፣ መሬትና ውኃ ያለው ምትክ ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅላቸው፤ ዝሆን አዝመራውን ላጠፋበት ገበሬም ካሳ የሚከፈልበት ደንብ ይውጣ። የመጀመሪያው ዘገባ ከመጪው ክረምት በፊት፣ ዝሆኖቹ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ከመሻገራቸው አስቀድሞ፣ በሐረርና በባቢሌ ከተማ አደባባይ ለነዋሪው ይነበብ።