ጨው የት ይሄዳል?

ሃያብለ ተቀምጦ ስለ በረዶ መጻፍ ያስቃል። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ እኛ በረዶ የምናየው በዓሣ ሣጥንና በጭማቂ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። ነገር ግን ሚኒሶታና ቶሮንቶ የሚኖሩ ታላላቆቻችን በረዶ በጣለ ቁጥር መንገድ ላይ ጨው እንደሚበተን በስልክ ያጫውቱናል። አያቶቻችን አሞሌ አድርገው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው እዚያ አስፋልት ላይ ይረጫል!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨው የገባበት ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ለዚያውም ርካሽ ነው። ታዲያ በረዶው ቀልጦ ሲፈስ ጨው የት ይሄዳል? አይተንም፣ አይበሰብስም። በቦይ አድርጎ ወደ ወንዝና ሐይቅ፣ ሲሰርግም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል ይላል። በእኛ አለካክ አንድ ጀሪካን መሆኑ ነው።

ከመካከላችን አንዷ «የእነሱ ሐይቅ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላ ነበር። መልሳችን ሻያችን ውስጥ አለ። የጅቡቲ ከተማ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከባሕሩ ብዙም ካልራቁ ጉድጓዶች ነው። ብዙ በተቀዳ ቁጥር ውሃው ጨዋማ እየሆነ ሄደ፤ ስኳር ቢበዛበትም ጣዕሙን አይደብቀውም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው መስመር ከኢትዮጵያ፣ ከአዲጋላ በኩል፣ ድንበር አቋርጦ ውሃ ማምጣት ነበረበት። ጨው አንዴ ከገባ ማውጣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ እናውቃለን።

ጨው ጨርሶ ይቅር አንልም። አምቡላንስ ማለፍ አለበት፣ አሮጊትም መውደቅ የለባትም። ግን በረዶው አስቀድሞ በአካፋና በመኪና ይጠረግ። ከመጣሉ በፊት የጨው ብጥብጥ መንገዱ ላይ ቢረጭ፣ ደረቁ ጨው እየተፈናጠረ እንደሚባክነው አይባክንም፤ ጥቂቱ ይበቃል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲያልፍ ተራው ጨው እምብዛም ስለማይሠራ፣ ጎማ እንዳይንሸራተት አሸዋ ይሻላል። አሸዋውም ቆይቶ ካልተጠረገ ቦይ ይደፍናል፤ ይህንንስ ለሃያብለ ሰው ማን ይነግረዋል! ስኳር ከሚመረትበት ከቀይ ሥር ዘመድ የሚገኘውን ጭማቂ ከጨው ጋር የሚቀላቅሉም አሉ። እኛ ብዙም አልወደድነውም፤ ስኳሩ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ያስጨርሳል።

ያስቀናን የአይስላንዷ ሬይኪያቪክ ናት። ቤት አሙቆ የወጣው የፍል ውሃ በእግረኛ መንገድ ሥር እያለፈ በረዶውን ያቀልጠዋል። የእኛም አሳል ምድሩ እሳት ነው፤ የሚቀልጥ በረዶ ጠፋ እንጂ። ቧንቧ ለመቅበር የሚወጣው ወጪ ግን ለየሰፈሩ የሚሆን አይደለም።

እናንተ ግን፣ ታላላቆቻችን፣ ደጃችሁ ላይ በረዶ ሲጥል መጀመሪያ አካፋውን አንሡ። ጨው የግድ ካስፈለገ በእፍኝ ይሁን እንጂ በባልዲ አትድፉት። መንገዱ ሲደርቅ የተረፈውን ጠርጋችሁ ለሚቀጥለው በረዶ አስቀምጡት።