የነፍስ አባታችንን ማን ይጠይቃቸዋል?

በየጥኖራ፣ በብቸና፣ በሞጣና በዙሪያው ላላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ስልክ በሠራ ቀን ስለ ዘመድ ጤና፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዳበሪያውና ስለ ጤፉ እናወራለን። የካህናቶቻችን ነገር ሲነሣ ግን “እሳቸውማ ደኅና ናቸው፣ ያው ይቀድሳሉ” ተብሎ ይታለፋል። ይህ መልስ ስላላረካኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሬን ሳላስረዝም ልናገር። ሁላችንም የነፍስ አባት አለን። የነፍስ አባታችን ጭንቅ ሲይዛቸው ግን ሄደው የሚያዋዩት፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማቸው፣ ሲደክሙ የሚያበረታቸውና ሲስቱ የሚያቀናቸው ሰው አብዛኞቹ የላቸውም። ሥርዓቱስ አለ፤ ካህንም የራሱ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን በበዓል ግርግር መሀል ተገናኝቶ “ይፍቱኝ”፣ “እግዚአብሔር ይፍታ” ተባብሎ መለያየት ሌላ ነው፤ ሸክምን አውርዶ በእርጋታ መመካከር ሌላ ነው።

ካህናቱ የሚሸከሙትን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሁልጊዜ የሚያዩት ነገር ግን ሳይታይ ይቀራልና ልዘርዝረው። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በትንሽ አጥቢያ አንዱ ቄስ ቢታመሙ ወይም አገር ቢለቁ የቀሩት ዕረፍት የላቸውም። ለቅዳሴ የሚገቡት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ያድራሉ። ከመቅደስ ሲወጡ ክርስትና አለ፣ ፍትሐት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰንበቴ አለ። በሥራ ቀን ደግሞ ሞፈር ቀንበራቸውን ይዘው ማሳ ይወርዳሉ። ማታ ባልና ሚስት ተጣልተው ይመጡባቸዋል፤ ድንበር የተገፋፉ ወንድማማቾች ይመጡባቸዋል። ሰው ሲገደል በገዳይና በሟች ወገን መካከል መስቀል ይዘው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ደም እስኪደርቅ ድረስ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ሲመላለሱ ይከርማሉ። የሰሙትን ለባለቤታቸው እንኳ አይናገሩም። ባለቤታቸው ቢሞቱባቸው ክህነታቸውን ይዘው ሌላ ማግባት አይችሉም፤ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። (የቄስ ሚስት የምትሸከመውም ለብቻው ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነው። በባሏ ምስጢርና በሕዝቡ ዓይን መካከል ስትኖር እሷን “እንዴት ነሽ?” የሚል ጥቂት ነው።)

ኑሮውም አለ። እስከ 1967 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ አገልጋዩም ከዚያ ይተዳደር ነበር። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ካህኑ እንደ ጎረቤታቸው አርሰው የሚበሉ ገበሬ ናቸው። ሰበካ ጉባኤን ያጸናው ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ የወጣው መሬቱ ከመቅረቱ በፊት በ1965 ዓ.ም. ነበር። ዘመኑ የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ ነው፤ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የእኛው ጎጃሜ። ምእመናንና ካህናት በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገዱን አበጅተው አለፉ። እኔ በሩቅም በቅርብም በሰማኋቸው የሰበካ ጉባኤ ውይይቶች ስለ ጣሪያ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ደወል፣ ስለ ሒሳብ ብዙ ይነገራል። “ካህናቶቻችን እንዴት ናቸው?” የሚል አጀንዳ ግን አልሰማሁም።

ያለፉት ዓመታት ይህን ሁሉ አባብሰውታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ሲዘረፉ፣ በዚያች ከተማ የነበሩ ካህን ሁሉ በማግሥቱ የተቆጣውንም ያዘነውንም የፈራውንም ምእመን ማናገር ነበረባቸው። እንዲህ ባለ ቀን ምን ይባላል? ንዴቱ የሚበርደው በምን ቃል ነው? ቃሉን ለማግኘት ካህኑ ራሳቸው ከማን ጋር ተማከሩ? ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት በየቀበሌው ገባ። ልጇን ያጣች እናት የምትሄደው ወደ ነፍስ አባቷ ነው። ጠመንጃ የያዘውም የሚናዘዘው ለእሳቸው ነው። ቀብሩ ላይ ጸሎት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ አልፎ አልፎም በአንድ ሳምንት የሁለቱንም ወገን ሟች ይፈታሉ። ይህን ተሸክመው ሲያበቁ ማታ ቤታቸው ገብተው ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዳንዱ ይጠጣል፤ አንዳንዱ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ አንዳንዱ በአንድ ሌሊት አገር ለቆ ይጠፋል። ሕዝቡም “ቄሱ ተበላሹ” ይላል። ተበላሹ ከማለታችን በፊት ብቻቸውን ትተናቸው እንደነበር ማሰብ ይገባን ነበር።

እኔ የምሠራው በሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ለካህናቶቻችን የሚሆን ነገር የሰማሁትም እዚሁ ነው። እዚህ በሽተኛን የሚያጽናኑ የሃይማኖት አገልጋዮች አሉ፤ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት፣ ሙስሊም፣ አይሁድ። የሥልጠናቸው መነሻ በ1925 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በሚባል ከተማ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። የጀመረው አንቶን ቦይሰን የተባለ ቄስ እሱ ራሱ በአንድ ወቅት የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ የተኛ ሰው ነበር። ሠልጣኙ በሽተኛ አነጋግሮ ሲወጣ የተባባሉትን ቃል በቃል አስታውሶ ይጽፋል፤ የበሽተኛውን ስም ይተዋል። ከዚያ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያነበዋል። መምህሩ “እዚህ ላይ ሰውዬው ስለ ልጁ ሲጀምር ለምን ወሬ ቀየርህ? ምን አስፈራህ?” ይለዋል። ሠልጣኙ ያስባል፤ አንዳንዴ ያለቅሳል፤ በማግሥቱ ተሽሎ ወደ በሽተኛው ይመለሳል።

ይህን ስሰማ ወዲያው የታየኝ የአገራችን ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ገና ጎህ ሲቀድ ከጎጆው ወጥቶ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል። ጀማሪ ከሆነ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። ሲበቃው ተራውን ጠብቆ የኔታ ፊት ይቀርብና ይናገራል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ቤቱ ካልመታ “አልመታም” ይላሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ የሳተበትን ቦታ ያሳዩታል፤ አንዳንዴም ጠይቀውት ራሱ እንዲያገኘው ይተዉታል። “ሂድ መልሰህ ቁጠር” ይባላል። ማንም ተማሪ በጅምላ አይታረምም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይደመጣል። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው፣ ዲማ ጊዮርጊስ የሊቃውንት አገር የተባለው በዚህ ትዕግሥት ነው። ዛሬ በአንዳንድ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ለመጋቢዎች “ኮቺንግ” የሚባል ሥልጠና አለ። እንደ ገባኝ ፍሬ ነገሩ አንዱ አገልጋይ ሌላውን በጥሞና መስማቱ፣ መጠየቁና የራሱን መንገድ እንዲያይ መርዳቱ ነው። መልካም ነገር ነው። ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም፤ የኔታ ለቅኔ የሚያደርጉትን ለካህኑ ኑሮና አገልግሎት ማድረግ ማለት ነው።

ትምህርቱም ከእኛው ዘንድ አለ። ከመጽሐፍ ቤት አራት ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። እነዚህ መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር የሚያወሩት ስለ ነፍስ ውጊያ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚሰለች፣ እንዴት እንደሚታበይ፣ ተስፋ መቁረጥ እንዴት እንደሚገባና በምን እንደሚወጣ፣ ደቀ መዝሙርም አሳቡን ለአባቱ መግለጡ ለምን እንደሚጠቅመው። ችግሩ ብዙው የገጠር ካህን ንባብና ዳዊት ደግሞ፣ ቅዳሴ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አገልግሎት መግባቱ ነው። መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ሊቃውንት ናቸው፤ እነሱም በየገዳሙ ተቀምጠዋል። ከደብረ ወርቅ፣ ከዲማ፣ ንግሥት እሌኒ ካሠሯት ከመርጡለ ማርያም እስከ አንድ የገጠር አጥቢያ ያለው ርቀት የአንድ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። ያ ዕውቀት ግን መንገዱን አልተሻገረም።

“ካህን ይመክራል እንጂ አይመከርም” የሚል አለ። ነገር ግን ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ “የምታደርገው ደግ አይደለም፤ ትደክማለህ” የሚል አሳብ ያቀረበለት አማቱ ዮቶር ነበር፤ ሙሴም ሰማው። ጢሞቴዎስ ያለ ጳውሎስ አልቆመም። ፈረንጅም ቢሆን ከዚህ ድካም አላመለጠም፤ በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜቶዲስት ፓስተሮችን ሲያጠና የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ከሌላው የግዛቱ ሕዝብ ይልቅ በእነሱ ዘንድ በርክቶ አግኝቷል፤ ድባቴውም እንዲሁ። ደመወዝ ያላቸው፣ መኪና ያላቸው፣ ጥይት የማይሰሙ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከውጭ ሥልጠና ላምጣላችሁ አላልኩም። ለምን ቢባል፣ በደርግ ዘመን የጥኖራ በመላ አገሪቱ የታወቀች የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረች፤ ሞዴል ተባለች፤ ካድሬውም ባለሙያውም ጎበኛት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው መሬቱን ተከፋፍሎ ወደ የማሳው ተመለሰ። ከላይ የመጣ ነገር ከላይ ሲለቀቅ የሚሆነውን ከየጥኖራ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የነፍስ አባትነት ግን ያን ሁሉ ዘመን ኖሯል፤ አዋጅ አላቆመውም፣ አዋጅም አላፈረሰውም። ስለዚህ እሱን እናጠንክረው።

በእኔ አሳብ እንዲህ ይሁን። ጎረቤት ከሆኑ አጥቢያዎች አምስት ስድስት ካህናት በወር አንድ ቀን ይገናኙ፤ ቀኑን እነሱ ይምረጡ። ከአካባቢው ክርክርና ዝምድና ራቅ ያሉ፣ የተማሩና የታገሡ አንድ መነኩሴ ወይም የኔታ ይቀመጡላቸው። እያንዳንዱ ካህን በወሩ ያስቸገረውን ያንሣ፤ የሰውን ኑዛዜ ግን አይንካ፤ ምስጢረ ንስሐ ምስጢር ነው፣ ስም አይነሣም፣ ቤት አይጠቆምም። ስለ ራሱ ይናገር፤ የት እንደፈራ፣ የት እንደተቆጣ፣ የት መልስ እንዳጣ። ቃለ ጉባኤ አይያዝ፤ ፎቶ አይነሣ፤ ለወረዳም ለሀገረ ስብከትም ለእኛም ሪፖርት አይላክ። በዚህ ጊዜ ሰው የሚጠረጠርበትን ሁሉ መጠንቀቅ አለብን፤ የተሰበሰቡትም ለምን እንደተሰበሰቡ ለአገር ሽማግሌዎች አስቀድሞ ይነገር። አዲስ ቅስና የተቀበለ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ከአንድ አንጋፋ ካህን ጎን ይሁን፤ ዕርቅ ሲወርድ አብሮ ይሂድ፣ ለቅሶ ቤት አብሮ ይግባ።

በሞጣና በብቸና ያላችሁ የወንጌላውያን መጋቢዎችም፣ የመስጊድ ኢማሞችም የእናንተው ሸክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በየቤታችሁ እንደሚስማማ ብታደርጉት የአገሩ ሰላም ነው።

በዚህ ማዶ ላለነውም አንድ ቃል አለኝ። ገንዘብ ስናዋጣ ለሕንፃ ነው፤ ለጉልላት፣ ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያ። ለጣሪያ የሰጠ ሰው ጣሪያውን በፎቶ ያያል፤ ስለዚህ ደስ ብሎት ይሰጣል። ካህን ሸክሙን ሲያወርድ ግን ፎቶ አይኖርም፤ መኖርም የለበትም። ለአንድ ዓመት ያህል ከጉልላቱ ቀንሰን ለአባቶች መንገድና ስንቅ፣ በዚያች ቀን ተተክተው ለሚያገለግሉ ካህናትም አበል ብንሰጥ፣ ጉልላቱ ትንሽ ቢዘገይ የሚጎዳ የለም።

ከእናንተ የምንለምነው ይህ ነው። ካህናቱን ራሳቸውን ጠይቁልን፤ ማንን ቢያገኙ እንደሚያምኑ፣ የትኛው ቀን እንደሚመቻቸው። የሚመርጧቸውን አባት ስም እኛ ማወቅ አያስፈልገንም። ለመንገድ፣ ለምግብና ለማደሪያ ምን ያህል እንደሚበቃ ብቻ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጽፈው ይላኩልን፤ ከሁለት አጥቢያ ቢጀመርም ይበቃል። እንቢ ያሉ ካህን ካሉ ደግሞ አትጫኗቸው፤ ቡና አፍልታችሁ “አባታችን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?” በሏቸው፤ ከጠየቃችሁም መልሳቸውን እስኪጨርሱ ጠብቁ።

በሰላም ያገናኘን።

የየጥኖራ ልጅ፣ ከሜሪላንድ