ከላይ ሲያዩት ሰማያዊ

ስልካችሁን አውጡና «ሀዋሳ በድሮን» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለስላሳ ሙዚቃ ይገባል፤ ድሮኑ በታቦር ተራራ በኩል ዞር ይላል፤ ከዚያ ሀይቁ እንደ ሰማያዊ ነጠላ ተዘርግቶ ከተፍ ይላል። የሪዞርት ጣራ፣ የዛፍ ረድፍ፣ ውሃውን እየሰነጠቀች የምትሄድ የሞተር ጀልባ፣ የጨምበላላ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ጉዱማሌን የሞላው ሕዝብ… «አቤት አገሬ!» ብለን እናጋራለን። አበቃ።

ጎበዝ፣ እኔ ከድሮን ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከላይ ብቻ ማየት ከለመደው ዓይናችን ጋር ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሲታይ ሀዋሳ ሀይቅ ንጹሕ ነው። ለመሆኑ ከዚያ ከፍታ ላይ ሲታይ ንጹሕ ያልሆነ ምን ነገር አለ?

ከላይ የማይታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዓሣ የሚወጣባቸው ቦታዎች፤ ሁለተኛው ፍሳሽ የሚገባባቸው ቦታዎች። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጦ፣ ዓሣ የሚበላው ሰው በሚያየው ቦታ የለጠፈ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ክርክሬ ይኸው ነው፤ ካርታው ይሰጠን።

ባህር ቢሰጡን ምን እናደርገዋለን?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባህርን ነገር በአደባባይ ካነሱ ወዲህ የባህር በር ያልተነሳበት የቡና ወሬ የለም። አሰብ፣ ምጽዋ፣ በርበራ… ሁላችንም የባህር ባለሙያ ሆነን አረፍነው። ይገባናል አይገባንም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔን የሚያሳስበኝ ባህር የሌለው አገር ልጅ የባህርን ጠባይ የሚማረው ከሀይቁ መሆኑ ነው። ፋብሪካና ዓሣ አጥማጅ በአንድ ዳርቻ እንዴት ጎን ለጎን ይኖራሉ? ይህ ፈተና ቀይ ባህር እስኪመጣ አልጠበቀንም። ባሕር ዳር ላይ፣ ቆቃ ላይ፣ ሀዋሳ ላይ ተፈትነንበታል፤ ውጤቱም የሚያኮራ አይደለም። አልጄዚራ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቆቃ ለሠራው ዘጋቢ ፊልም የሰጠው ርዕስ «አረንጓዴው ሀይቅ» የሚል ነው። አረንጓዴው የልማት አረንጓዴ እንዳይመስላችሁ! የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ የሚወርደው ሞጆ ወንዝ የሚገባው እዚያ ነው።

ሀዋሳ ከቆቃ የሚለይበት ነገር አለ፤ ልዩነቱ ግን የሚያጽናና አይደለም። ቆቃ አዋሽ ይገባበታል፣ አዋሽ ይወጣበታል። ዝዋይም ቡልቡላ የሚባል መውጫ ወንዝ አለው። ሀዋሳ ሀይቅ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትልቁ ጥልቀቱ 22 ሜትር ገደማ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን በሉት። ውሃው ይተናል፤ ከውሃው ጋር የመጣው ነገር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛ እናቶቻችን ያውቃሉ። ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ መማር አያሻም።

ወደዚህ ሳህን የሚገባው ዋናው ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ ድሮ ሀይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግ ሆኗል። የሀዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ለዓመታት የወረደው በዚሁ በኩል ነው። ይሄ የሰፈር ሐሜት አይደለም። የፍሳሹ ኬሚካላዊ ይዘትና በውሃ ውስጥ ሕይወት ላይ ያለው ተጽዕኖ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሲኔት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። ሃያ ዓመት አልፎታል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ድሮን ያበራል!

ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፤ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። «ከዚህ ጊቢ ጠብታ ፍሳሽ አይወጣም፤ ውሃው ታክሞ ተመልሶ ለሥራ ይውላል» ተባለ። ቴክኖሎጂው አለ፤ በደንብ ከተያዘም ይሠራል። እኔ አይሠራም አላልኩም። የምለው እንደሚሠራ በየወሩ በቁጥር አሳዩን ነው። ጎበዝ ተማሪ ካርዱን አይደብቅም።

ሜርኩሪ ከሰማይ አይታይም

«ሳተላይት አለ አይደል እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አለ። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በአምስት ቀን አንዴ ገደማ ከሀዋሳ በላይ ያልፋሉ፤ ምስሉም ለማንም ነፃ ነው። ደለል ሲገባ ያሳያል፤ አልጌ ሲበዛ ያሳያል። ግሩም ነው። ነገር ግን ጥርት ባለው ምስል እንኳ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የአጥማጁ የጣውላ ጀልባ ከዚያች ነጥብ ታንሳለች። መረቡን ጥሎ ያደረው ወጣት፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የምታጸዳው ሴት፣ ፍርፋሪ የሚጠብቀው አባ ኮዳ ሳይቀር ከካርታው ጠፍተዋል። ከላይ ለሚያይ ሰው እነሱ የሉም።

ሜርኩሪም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በሀይቁ ዓሦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአንዳንድ ትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ከሚመከረው ወሰን ያለፈ ሜርኩሪ አግኝተዋል። ቆሮሶ ላይ ግን መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቆሮሶ በዋናነት አልጌ ይበላል፤ ትልቁ ቢልጫ ሌላ ዓሣ ይበላል፤ ከታች ጥቂት ጥቂት የነበረው በበላተኛው ላይ ይከማቻል። ልብ በሉ፣ ሜርኩሪውን ያመጣው ፋብሪካ ነው አላልኩም። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የራሱን ድርሻ ሊያዋጣ ይችላል። ጥያቄዬ ይህን ማን ያውቃል የሚል ነው። ነፍሰ ጡሯ ታውቃለች? ዓሣውን ጠብሶ የሚሸጠው ያውቃል? እውቀቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ዓሣው በአማርኛና በሲዳምኛ ይሸጣል።

ከባህር ዳርቻ አንድ ታሪክ እነሆ። ሚናማታ የጃፓን የባህር ዳር ከተማ ናት። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ባሕረ ሰላጤው ይለቅ ነበር፤ ነዋሪው ከዚያው አጥምዶ ይበላ ነበር። ቀድመው እየተንዘፈዘፉ ያለቁት ድመቶች ናቸው። ቀጥሎ የሰው ልጅ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መንግሥት መንስኤው የፋብሪካው ሜርኩሪ መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ያ ሁሉ ጊዜ ሲፈስ፣ ሲበላ፣ ሲፈስ፣ ሲበላ… የተበከለውን ዓሣ ለመከለል በባሕረ ሰላጤው የተዘረጋው መረብ የተነሳው በ1997 ነው። ሀዋሳ ሚናማታ ሆናለች እያልኩ አይደለም። ግን ሚናማታም ከአውሮፕላን ሲያዩዋት ሰማያዊ ነበረች።

የሚመጡልኝ መልሶች

«ሥራውስ?» ትሉኛላችሁ። ፓርኩ በደህና ጊዜው ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ይዞ ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች። ይህን አቃልሎ የሚያይ ሰው ረሃብ አያውቅም። ግን እስቲ እናስታውስ፦ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ ኩባንያ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጥሎ ሲወጣ ምክንያቱ ጦርነቱ ነበር። በቀጣዩ ወር ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የዚያን ጊዜውን እንጀራ የነጠቀን ጦርነትና ዋሽንግተን እንጂ ስለ ውሃ የጠየቀ ዓሣ አጥማጅ አይደለም። ደግሞስ የፓርኩ ሠራተኛ ዓሣ አትበላም?

«ስም ይጠፋል፤ ዓሣ ገዢ ይጠፋል» ትሉኛላችሁ። ገበያን የሚገድለው ወሬ ነው። ቁጥር ቢኖር ኖሮ «ቆሮሶውን ብሉ፣ ትልልቁን ቢልጫ ቀንሱ» ማለት ይቻል ነበር። ቁጥር በሌለበት ግን አንድ የፌስቡክ ወሬ ሁሉንም አጥማጅ በአንድ ቀን ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል። መደበቅ የሚጎዳው መጀመሪያ ራሱን አጥማጁን ነው።

«አጥማጆቹ ራሳቸው ጠባብ ዓይን ባለው መረብ ጫጩቱን እየጨረሱት አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለዚህም የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ፍቅር ሀይቅ ላይ ተዝናንተን የውሃ ፕላስቲካችንን ጥለን የምንሄደው እኛስ? እሱም እውነት ነው። ሁሉም ይጠየቅ! ግን ቅጣት ከታች ጀምሮ ከታች አይለቅ። የባለ ጀልባውን መረብ በሜትር የሚለካ መንግሥት የፋብሪካውን ቱቦ በሊትር መለካት አያቅተውም።

ምን ይደረግ?

ሕጉ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 15 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ይሁን ይላል። ከሁሉም የምወደው ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ «አንተን ምን አገባህ?» ሳይባል፣ አካባቢን ጎድቷል ወይም ሊጎዳ ይችላል በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንም ሰው! አንተም፣ አንቺም።

ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ነው። አንድ፦ ዓሣ የሚወርድባቸውና ፍሳሽ የሚገባባቸው ቦታዎች በአንድ ካርታ ይውጡ፤ ከአየር የተነሳ ይሁን፣ ግን ሁለቱም ስም ይጻፍባቸው። ሁለት፦ የጥቁር ውሃ፣ የፋብሪካዎቹና የዓሣው ምርመራ ውጤት በየጊዜው ይለጠፍ፤ ሰው በሚገባው ቋንቋ። ሦስት፦ የአጥማጆቹ መውረጃዎች በካርታው ላይ የታወቁ የሥራ ቦታዎች ይሁኑ፤ ነገ ሌላ አጥር ሲመጣ «እዚህ ማንም አልነበረም» እንዳይባል። ሲዳማ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ መቀመጫውም ሀዋሳ ነው። «ጉዳዩ ሩቅ ነው» የሚባልበት ዘመን አልፏል፤ ቢሮው ያለው ሀይቁ አጠገብ ነው።

መለጠፊያውን ቦታ ደግሞ እኔ ልጠቁም፦ ጉዱማሌ። ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ የሚከበርበት አደባባይ ነው። የበዓሉን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎች ከምድር ሆነው ከዋክብትን ያነብባሉ። የጎሳ መሪዎቹም ሕዝቡን ሲመክሩ «አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ» ይላሉ። ዛፍን በዓል ላይ የሚያስታውስ ሕዝብ ውሃውንም ማስታወስ አያቅተውም። አባቶች ከምድር ወደ ሰማይ አይተው ዘመን ለወጡ። እኛ ከሰማይ ወደ ምድር እያየን ቪዲዮ ብቻ ከለወጥን ግን ያሳፍራል።

ድሮን ያላችሁ ልጆች፣ በሚቀጥለው ስታበሩ ከሪዞርቱ ጣራ ትንሽ አለፍ በሉ። ወደ ጥቁር ውሃ መግቢያ አዙሩት። ከዚያም አውርዱትና በእግራችሁ ሂዱ።

ቸር እንሰንብት!