«ላይክ» ልብስ አይገዛም

ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው። አንድ ማለዳ ልጄ ሱቋን ሳትከፍት እኔ ቤት መጣች። እንዲህ በጠዋት ስትመጣ አንድም ልጅ ታሞባታል፣ አንድም ከባለቤቷ ጋር ተኳርፋለች ብዬ እደነግጣለሁ። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ የኪራዩን ብር አጠፋሁት» አለችኝ። «ለማን ሰጠሽው?» ስላት ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። «ለዚህ» አለች።

ልጄ ሳሪስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የልጆች የሀበሻ ልብስ ትሠራለች። ሸማውን ከሽሮ ሜዳ ታመጣለች፣ ራሷ ትቆርጣለች፣ ከአንዲት ረዳት ጋር በሁለት የልብስ ስፌት መኪና ይሰፋሉ። ሥራው የበዓል ሥራ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ካልሸጡ ሌላው ጊዜ ኪራይ አይሸፍንም። ዘንድሮ ዕቁቡ በጥሩ ጊዜ ደረሳት። አብዛኛው ጨርቅና ጥለት ሆነ። 12 ሺህ ብሩን ለሱቅ ኪራይ ለይታ አስቀምጣው ነበር።

ያንን 12 ሺህ ብር ነው «ፌስቡክ ላይ ቡስት እናደርጋለን» ለሚል ወጣት የሰጠችው። «መቶ ሺህ ሰው ያየዋል» ብሏት ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም። ብዙ ሕዝብ አይቶታል። 3,400 ሰው «ላይክ» አድርጓል። ልጄ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ቁጥሩ ሲጨምር ታይና ደስ ይላት ነበር። ጥምቀት አለፈ፤ በማስታወቂያው የተሸጡት ቀሚሶች ሁለት ብቻ ናቸው። ከአንዱ የምታተርፈው 600 ብር ነው። ሁለቱ 1,200 ብር መሆናቸው ነው። እንግዲህ የቀረውን እናንተው አስሉት።

እናት ናትና አፌ ላይ የመጣው ቁጣ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት በላይ ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ መድኃኒት አሳስቶ የወሰደ ሰው ፊት ቆሞ መጮህ መርዙን አያወጣም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ወሰደ? ስንት ወሰደ? መቼ ወሰደ?» ነው። እኔም ደብተሬን አመጣሁና «ይህ ማስታወቂያ ለማን ነው የታየው? ለስንት ቀን? ምን እንዲያመጣ ነው የታዘዘው?» አልኳት። አንዱንም አታውቅም። ብሩን ከፈለች እንጂ ማዘዣውን አላየችም።

ቅዳሜ ዕለት ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የልጅ ልጄን ጠርተን ሦስታችን ተቀመጥን። ወጣቱንም ደውለን የማስታወቂያውን ውጤት የሚያሳየውን ገጽ እንዲልክልን ጠየቅነው፤ ሳያንገራግር ላከ። ነገሩ የተገለጠው እዚያ ላይ ነው። ማስታወቂያው የታየው በመላ አገሪቱ ላለ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ ነበር። ወንድ፣ ሴት፣ ያገባ፣ ያላገባ፣ ከሳሪስ የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ሁሉ አለበት። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ምን ያደርግላቸዋል?

ይህን ሳይ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ክትባት ስንወጣ በድምፅ ማጉያ እየዞርን «ልጆቻችሁን አምጡ» እንል ነበር። ሕዝቡ ይወጣል፤ ሽማግሌው ይመጣል፣ ሥራ ፈቱ ይመጣል፣ ተማሪው ከቦናል። የምንፈልጋት የዘጠኝ ወር ሕፃን ያላት እናት ግን ጓዳ ውስጥ ናት። በኋላ ላይ ቤት ለቤት መዝግበን፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለበትን በር ብቻ ማንኳኳት ስንጀምር ነው ሥራው ሥራ የሆነው። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በር መርጦ ማንኳኳት ይቻላል። ከተማውን፣ ካርታ ላይ ነጥብ አስቀምጦ በዙሪያው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ፣ ዕድሜን፣ ጾታን መምረጥ ይቻላል። ሳይመርጡ መክፈል ግን በገንዘብ የድምፅ ማጉያ መከራየት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ፌስቡክ ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት «ምን እንዲመጣልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ያስመርጣል። «ላይክ» እና አስተያየት የበዛበት ይሁን? ሰው መልእክት ይጻፍልህ? ስልክ ይደውል? ይህ ምርጫ ጨዋታ አይደለም። «ላይክ» ከጠየቁት ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያሳያቸዋል፤ መልእክት ከጠየቁት ደግሞ ለሻጭ መጻፍ የሚያዘወትሩትን። የልጄ ማስታወቂያ የታዘዘው ላይክ እንዲያመጣ ነበር። የታዘዘውን አመጣ። ላይክ ደግሞ ልብስ አይገዛም፤ ኪራይም አይከፍልም።

ስለ ገንዘቡ አሠራርም ትንሽ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ ሲያማክሯችሁ እንዳትቸገሩ። ቁርጥ ያለ ዋጋ የለውም። ማስታወቂያው እንደ ጨረታ ነው፤ ያንኑ ሰው ለማግኘት ከሚፈልጉ ሌሎች ነጋዴዎች ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ሊወደድ ይችላል። ለስንት ቀን፣ በቀን ስንት እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው። ካልሠራ በሁለተኛው ቀን ማቆም ይቻላል፤ ያልወጣው ብርም አይቆረጥም። አዲስ መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀምሮ ሰውነት እንዴት እንደተቀበለው እንደሚታየው፣ ይህም በትንሽ ብር ለሦስት ለአምስት ቀን ተሞክሮ ነው የሚጨመረው።

እኛ አገር ብዙው ሰው በደላላ የሚያሠራው ክፍያው ለውጭ ግብይት በሚሠራ የባንክ ካርድ ስለሚፈጸም ነው። እንዲህ ዓይነት ካርድ የሚሰጡ ባንኮች ስላሉ መጀመሪያ የራስን ባንክ መጠየቅ ይበጃል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ዶላሩ ስለጨመረ ያው ማስታወቂያ በብር ሲታሰብ ከፍ ብሏል። በሰው ማሠራት ግድ ከሆነ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ከምሰጥህ ብር ለፌስቡክ የሚገባው ስንት ነው? ዶላሩን በስንት አሰብከው? ያንተ የድካም ዋጋ ስንት ነው? ሲያልቅም የክፍያውን ደረሰኝና የውጤቱን ገጽ ተቀበሉ። ሐቀኛ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።

የይለፍ ቃል ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ለሥራ የሚከፈተው «ፔጅ» ሌላ ሰው ማስታወቂያ ብቻ እንዲያወጣ ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ አለው። ለሱቅ ጠባቂ የውጭውን በር ቁልፍ እንሰጣለን እንጂ የሣጥኑን አንሰጥም። «ገጽሽ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ተጭነሽ አረጋግጪ» እያለ የሚመጣ መልእክትም አለ። ከፌስቡክ የመጣ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌባ ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ አትጫኑት።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ያን ቅዳሜ ከማስታወቂያው ሥር የተጻፈውን አስተያየት አንድ በአንድ እያነበብን ነበር። «ዋጋ?» «ዋጋ?» «ዋጋ?» ይላል። መሐል ላይ የማናውቀው ሰው «ይህችን ልጅ የማውቃት ይመስለኛል፤ የምትማርበትም እዚያ መዞሪያው ጋ ነው» ብሎ ጽፏል። የልጄ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ቀሚሱን ለብሳ ማስታወቂያው ላይ የቆመችው የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት። ከኋላዋ የመዋዕለ ሕፃናቱ በርና ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይታያል። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «እዚህ ጋ ቁሚልኝ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው» ብዬ ያቆምኳትም እኔው ነኝ።

ሰውዬው ክፉ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ጎረቤት ይሆናል። ነገር ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በራሳችን ገጽ የምንለጥፈውን ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ዘመድ ወዳጅ ነው፤ የምንከፍልበት ማስታወቂያ ግን የሚከፈልበት ለማናውቀው ሰው እንዲታይ ተብሎ ነው። የልጃችንን ፊትና የትምህርት ቤቷን በር ብር ከፍለን ለእንግዳ ሰው አሳየን ማለት ነው። 12 ሺህ ብሩ በዚያች ቅጽበት ከዓይኔ ጠፋ። ማስታወቂያውን ያኔውኑ አጠፋነው። ማታ ለልጅቷ ፎቶዋን እንዳነሣነው ስነግራት «እማማ፣ ለማን ነው ያሳያችሁኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጤና ጣቢያ እያለሁ የታካሚን ጉዳይ በር ዘግቼ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ለገዛ የልጅ ልጄ ግን በሩን ከፍቼ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ደንብ አለ። ቀሚሱ በማንጠልጠያ ተሰቅሎ ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይነሣል። ልጅ የግድ ካስፈለገ ከአንገት በታች ብቻ ነው፤ እሱም እናትና አባት ተስማምተው፣ ልጅቷም ተጠይቃ። የትምህርት ቤት ልብስ፣ የቤት በር፣ የመኪና ታርጋ አይታይም።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ሞከርን። ልጄ ፈርታ ነበር። እኔ ከጡረታዬ 1,500 ብር አበደርኳትና «ከዚህ አንድ ብር አይበልጥም» አልኳት። አምስት ቀን፣ ከሱቋ ዙሪያ ያለ ሰፈር፣ ከ25 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሴቶች፣ መልእክት እንዲጽፉ። ጽሑፉ ላይ ዋጋው፣ የሚሠራባቸው ዕድሜዎች፣ ሱቁ የሚገኝበት ምልክትና «ከሰሙነ ሕማማት በፊት ካላዘዙ አይደርስም» የሚል ተጻፈ። ዋጋው ስለተጻፈ «ዋጋ?» የሚል ጠያቂ ቀረ። ላይኩ 60 እንኳ አልሞላም። ግን 23 ሴቶች ጻፉ፣ ስድስቱ ገዙ።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ በመጀመሪያው አንድ ገዢ ለማምጣት 6,000 ብር ወጣ፤ በሁለተኛው 250 ብር። ከአንድ ቀሚስ 600 ብር ትርፍ ካለ ሁለተኛው ያዋጣል፣ የመጀመሪያው ያከስራል። ልጆቻችሁ «ስንት ሰው አየው?» ብለው ሲደሰቱ እናንተ «አንድ ገዢ በስንት ብር መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ምስጢር መልስ ነው። ልጄ ማታ ሁለት ሰዓት ለጻፈችላት ሴት በማግሥቱ ቀትር ላይ ስትመልስ ሴትዮዋ ከሌላ ገዝታ ነበር። መመለስ የማትችሉበት ሳምንት ከሆነ ለማስታወቂያ አትክፈሉ።

ሕጉንም አንርሳ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። «በእጅ የተሠራ ጥለት» ብሎ የፋብሪካ መሸጥ ነውር ብቻ አይደለም።

ለእኛ ለአያቶች ደግሞ ይህን ማወቃችን ሌላ ጥቅም አለው። ስልካችን ላይ «ስኳርን በ15 ቀን የሚያጠፋ»፣ «የጉልበት ሕመም ደህና ሰንብት» እያለ የሚመጣው ማስታወቂያ እኛ ጋ የደረሰው ዕድሜያችን ተመርጦ ሊሆን ይችላል። «ስፖንሰርድ» የሚል ከታየበት አንድ ሰው ከፍሎበታል ማለት ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ መታየት ደግሞ ፈዋሽነትን አይመሰክርም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በማስታወቂያ ምክንያት አታቋርጡ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ልጄ ያበደርኳትን 1,500 ብር መልሳልኛለች። የመጀመሪያው ኪሳራ ግን ገና አልተመለሰም፤ የሱቁ ባለቤት የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተዋት ቀስ በቀስ እየከፈለች ነው። ለእንቁጣጣሽ ሌላ ትንሽ ማስታወቂያ እያዘጋጀች ነው። ፎቶውን ባለፈው እሑድ አብረን አነሣነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ማንጠልጠያ፣ አንዲት ቢጫ ጥለት ያላት ቀሚስ። የልጅ ልጄ ማንጠልጠያውን ያዘችልን። እጇ ብቻ ነው የሚታየው።